ጠበቃ ሲያቆሙ፦ ከመጀመሪያው ምክክር እስከ አፈጻጸም

ይህ መመሪያ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይዞ በፌዴራል ፍርድ ቤት በጠበቃ ለሚከራከር ሰው የተዘጋጀ ነው። ብዙ ባለጉዳይ ውክልናውን ፈርሞ ቅድሚያውን ከከፈለ በኋላ ጉዳዩ ከእጁ የወጣ ይመስለዋል። ጠበቃው ግን በእርስዎ ስም የሚናገር ሰው ነው፤ ያለፈ ቀን፣ የጎደለ ሰነድ፣ ከልክ የሰፋ ውክልና ቢኖር ዋጋውን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ እያንዳንዱን ደረጃ ራስዎ ሊያውቁት ይገባል። ለምሳሌ የምንይዘው ተራ ጉዳይ ነው፦ 1,200,000 ብር አበድሮ መልሶ ማግኘት ያቃተው ሰው።

1. ቀኑን ይቁጠሩ

ጠበቃ ከመፈለግዎ በፊት ሦስት ቀኖች ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ውሉ የተፈረመበት፣ ገንዘቡ መመለስ የነበረበት፣ ተበዳሪው ለመጨረሻ ጊዜ ዕዳውን በጽሑፍ ያመነበት። ልዩ ድንጋጌ ከሌለ በቀር ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845)። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ ለመኪና አደጋ ካሣ፣ ጊዜው 2 ዓመት ብቻ ነው። በሥራ ክርክር ደግሞ በጣም ያጥራል፤ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚጠይቀው በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚጠይቀው በ6 ወር ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስህተት አለ። ሰው በየዓመቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እየጻፈ ጊዜው የቆመለት ይመስለዋል። ደብዳቤ ይርጋን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ክስ ማቅረብ ወይም የባለዕዳው እምነት ነው። ተበዳሪው «ዕዳው አለብኝ፣ ጊዜ ስጡኝ» ብሎ ፈርሞ ከሰጠዎ ያንን ወረቀት እንደ ዋናው ውል ይጠብቁት።

የፍርድ ቤቱን ካሌንደርም አይርሱ። ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ፍርድ ቤቶች በክረምት ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ይስተናገዳል። ሐምሌ 20 ቀን ጠበቃ መፈለግ የጀመረ ሰው መዝገቡ በትክክል የሚንቀሳቀስለት ጥቅምት ላይ ነው።

2. ፋይልዎን ያዘጋጁ

ጠበቃ የሚያስከፍልዎ ለጊዜው ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ታሪክ በመስማት እንዳያልቅ አንድ ገጽ የጊዜ ሰንጠረዥ ይሥሩ፦ በግራ ቀኑ፣ በመሐል የሆነው ነገር፣ በቀኝ የሚያስረዳው ሰነድ ወይም ምስክር። ከአንድ ገጽ ካለፈ ስሜት ገብቶበታል ማለት ነውና ያሳጥሩት።

ሰነዶቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረው ሁለት ሁለት ቅጂ ያንሡ። አንዱ ለጠበቃው፣ አንዱ ለእርስዎ። ዋናዎቹ እርስዎ ዘንድ ይቆዩ፤ ፍርድ ቤቱ ከዋናው ጋር ማመሳከር ሲፈልግ ይዘው ይቀርባሉ። ጠበቃው ዋናውን መያዝ ካለበት ዝርዝሩን ጽፎ ፈርሞ ይቀበልዎ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ የተጻፈ ሰነድ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ መተርጎም ይኖርበታል፤ ይህን ወጪ ከመጀመሪያው ያስቡት።

ለብድር ጉዳይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472)። አሥር ምስክር ቢቆጥሩ ይህን አይተካም። የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀትም ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ለምን እንደተላለፈ አይናገርም፤ ተበዳሪው «የሸቀጥ ዋጋ ነው» ሊል ይችላል። የጽሑፍ ውሉ ላይ ሁለት ምስክሮች መፈረማቸውንም ያረጋግጡ (ቁጥር 1727)። እነዚህ ከጎደሉ ጠበቃዎ ማወቅ ያለበት ዛሬ ነው። በተለይ የሚጎዳዎትን ነገር፣ ለምሳሌ በእጅዎ የተቀበሉትን 200,000 ብር፣ ከጠበቃዎ አይደብቁ። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ከተቃራኒ ወገን መልስ ላይ ሲያነበው ግን ክሱን ከዚያ በኋላ ማቃናት ከባድ ነው።

3. ፈቃዱን ያረጋግጡ

በፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ «ጉዳይ አስፈጽማለሁ» የሚል፣ «ጠበቃ አውቃለሁ» ብሎ የሚያገናኝ ሰው ሁሉ ጠበቃ አይደለም። ማመልከቻ ጸሐፊ የነገሩትን በጥሩ ቋንቋ ሊጽፍ ይችላል፤ ችሎት ቆሞ ሊከራከርልዎ አይችልም።

የፌዴራል የጥብቅና ፈቃድ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ፈቃዱን ሲያዩ ሁለት ነገር ያንብቡ፦ ለያዝነው ዓመት መታደሱን፣ በየትኛው ደረጃ ፍርድ ቤት እንደሚያሠራ። በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ብቻ የሚሠራ ፈቃድ ጉዳይዎ ይግባኝ ሲደርስ አያገለግልም። ደረጃው ደግሞ ከገንዘቡ ጋር ይያያዛል፦ እስከ 10,000,000 ብር ያለ የፍትሐ ብሔር ክስ በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከዚያ በላይ ያለው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ይጀመራል። የክልል ፍርድ ቤቶች የጥብቅና ፈቃድ በየክልሉ የሚሰጥ ስለሆነ ጉዳይዎ ባሕር ዳር ወይም አዳማ ከሆነ በዚያ መሥራት መቻሉን ለይተው ይጠይቁ።

ከ1249/2013 በፊት ፈቃዱ ለግለሰብ ብቻ ነበር የሚሰጠው። አሁን የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ይቻላል። ከድርጅት ጋር ሲዋዋሉ ታዲያ ችሎት የሚቀርበው ጠበቃ ማን እንደሆነ በስም ይወቁ፤ ቢሮ ውስጥ ያነጋገሩት አንጋፋ ሰው አንድም ቀጠሮ ላይ ላይገኝ ይችላል።

ሁልጊዜ ጠበቃ የግድ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የትዳር ጓደኛን፣ ወንድምን፣ ልጅን፣ አባትንና አያትን ያለ ክፍያ በውክልና እንዲከራከሩ ይፈቅዳል (ቁጥር 58)። አቅም ለሌለው የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል በደሃ ደንብ ክስ የሚያቀርብበት መንገድ አለ (ቁጥር 467)። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ለሌሎችም የዩኒቨርሲቲ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ።

4. የመጀመሪያው ምክክር

ለምክር ብቻ ክፍያ ካለ አስቀድመው ይጠይቁ። ከዚያ እነዚህን ይጠይቁና መልሱን ይጻፉ፦ የማሸነፍ ዕድሌን የሚያሳንሰው ምንድን ነው? ስንት ደረጃ ሊሄድ ይችላል? ተበዳሪው የሚያዝ ንብረት አለው? ከተቃራኒ ወገን ጋር ሠርተው ያውቃሉ?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ክብደት አለው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ቤቱን በሚስቱ ስም፣ መኪናውን በወንድሙ ስም ያደረገ ባለዕዳ ላይ የሚገኝ ፍርድ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ተበዳሪው ንብረቱን ሊያሸሽ ነው ብለው ከጠረጠሩ ክሱ ሲቀርብ አብሮ የሚታይ የማስከበሪያ ወይም የዕግድ አቤቱታ ስለማቅረብ በዚሁ ቀን ይነጋገሩ (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 151 እና 154)። ለዚህ የቤቱን ካርታ ቁጥር ወይም የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ማግኘት የእርስዎ ሥራ ነው።

«መቶ በመቶ እናሸንፋለን» የሚል ጠበቃ ካጋጠመዎ አመስግነው ይውጡ። «ለዳኛ የሚሰጥ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለማ ጉዳዩ ወንጀል ሆኗል፤ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚቀጣው ተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ሰጪውም ነው።

5. የጥብቅና ውል

በዚህ ሙያ ውስጥ ከደንበኛ ጋር የሚነሣ ጠብ አብዛኛው ከዚህ ወረቀት ይጀምራል። ጠበቃው ቀና፣ ደንበኛውም ቅን ሆነው እንኳን ሁለቱ «10 በመቶ» ሲሉ የተለያየ ነገር ያስባሉ። ሒሳቡን እንመልከት። ክሱ 1,200,000 ብር ነው እንበል። ፍርድ ቤቱ 900,000 ብር ፈረደ። ከባለዕዳው በእርግጥ የተገኘው 600,000 ብር ሆነ። 10 በመቶው ከተከሰሰው ከሆነ 120,000፣ ከተፈረደው ከሆነ 90,000፣ ከተሰበሰበው ከሆነ 60,000 ብር ይሆናል። ውሉ ከሦስቱ አንዱን በግልጽ ቃል መናገር አለበት። ጠበቃው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ ደግሞ 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ ይግባ ወይም በላዩ ይታከል ተብሎ ይጻፍ፤ በ120,000 ብር ላይ ልዩነቱ 18,000 ብር ነው።

ክፍያውን ከሥራ ጋር እንጂ ከቀን ጋር አያስሩት። ለምሳሌ 120,000 ብር ቢስማሙ፦ ውሉ ሲፈረም 36,000፣ ክሱ ቀርቦ መዝገብ ሲከፈትና መጥሪያ ሲወጣ 36,000፣ የመጨረሻ ውሳኔ ሲሰጥ 48,000 ብር። ሁሉን በአንድ ጊዜ ከከፈሉ ጠበቃውን የሚያነሣሣ ነገር ይቀንሳል፤ ምንም ካልከፈሉ ደግሞ ፋይልዎ ከሌሎች ሥር ይገባል። እያንዳንዱን ክፍያ በባንክ ይላኩ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ።

ውሉ የሥራውን ወሰን ይናገር። «ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ይከታተላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይወስንም። መጨረሻው የቱ ነው? መጀመሪያ ደረጃ ብቻ? ይግባኝ? ሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚታረምበት የመጨረሻ ደረጃ)? አፈጻጸም (የተፈረደውን ማስከፈል)? አፈጻጸም ብዙ ጊዜ ከክርክሩ ያልተናነሰ ምልልስ ስላለው ለብቻው ይሰየም። ተቃራኒ ወገን ይግባኝ ቢልብዎ መልስ መስጠትም በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑ ይጻፍ።

ወጪ ከጠበቃው ክፍያ ይለይ። የዳኝነት ክፍያ በተጠየቀው ገንዘብ መጠን ስለሚሰላ የማይገባዎትን አስጨምሮ መክሰስ ራሱ ወጪ ነው። የፎቶ ኮፒ፣ የትርጉም፣ የመጥሪያ ማድረሻ፣ የባለሙያ አስተያየት፣ ከከተማ ውጭ ከሆነ የጉዞ አበል እነማን እንደሚሸፍኑት ይጠቀስ። ካሸነፉ ወጪና ኪሣራ መጠየቅ ይችላሉ፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤቱ ስለሆነ ለጠበቃ የከፈሉት ሁሉ ይመለስልኛል ብለው አይቁጠሩ።

በመጨረሻም መለያያው። ውሉ ቢቋረጥ እስከዚያ ለተሠራው ስንት እንደሚታሰብ፣ ፋይሉ በስንት ቀን እንደሚመለስ (5 የሥራ ቀን በቂ ነው) ይስፈር። ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ አንድ ቅጂ ለእርስዎ።

6. ውክልና

የጥብቅና ውል በእርስዎና በጠበቃው መካከል ነው፤ ለፍርድ ቤቱ የሚታየው ውክልናው ነው። የሚረጋገጠው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ ሁሉም እንደሚጠራው በውልና ማስረጃ ነው። ዋናውን መታወቂያና ቅጂውን ይዘው ይሂዱ። ኩባንያ ከሆነ ሥራ አስኪያጁ የተሾመበት ሰነድና የንግድ ምዝገባው ይጨመራል።

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ክስ ለማቅረብም ሆነ ለመከላከል፣ ለመታረቅ፣ ወደ ግልግል ዳኝነት ለመሄድ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «በማናቸውም ጉዳይ እንዲወክለኝ» የሚለው ጥቅል ቃል አይበቃም። እንዲጻፉ የምንመክራቸው፦ ክስ ማቅረብና ማሻሻል፣ መልስና መቃወሚያ ማቅረብ፣ ማስረጃ ማቅረብ፣ ዕግድ መጠየቅ፣ ይግባኝና የሰበር አቤቱታ ማቅረብ፣ አፈጻጸም መከታተል፣ የውሳኔ ግልባጭ መውሰድ።

ሳያስቡበት የማይጻፉ አራት ሥልጣኖች አሉ፦ ገንዘብ መቀበል፣ መሸጥና መለወጥ፣ መታረቅ፣ ሌላ ሰው መወከል። ጸሐፊው የተዘጋጀ ቅጽ አውጥቶ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ስለሚያነበው ያመልጣሉ። ለፍርድ ቤት ጉዳይ መሸጥና መለወጥ ፈጽሞ አያስፈልግም። የፍርዱ ገንዘብ በስምዎ ባለ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግ ስለሚቻል ገንዘብ መቀበልም ባይጻፍ ይሻላል። መታረቅ ግን ይታሰብበት፦ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጉዳዮችን ወደ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ይመራሉ፤ እርስዎ ውጭ አገር ከሆኑና ሥልጣኑ ከሌለ ድርድሩ አይንቀሳቀስም። መካከለኛው መንገድ «በጽሑፍ ስምምነቴን ሲያገኝ» የሚል ገደብ መጨመር ነው። ሌላ ሰው መወከልን ለሥራ ባልደረባው ብቻ መፍቀድ ይቻላል፤ ጠበቃው ቢታመም ቀጠሮ እንዳያልፍ ይረዳል።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ወይም ጅዳ ያሉ ከሆነ ውክልናው በኤምባሲው ወይም በቆንስላው ፊት ይፈረማል፤ አዲስ አበባ ደርሶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ በውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ረቂቁን ጠበቃው ጽፎ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይላክልዎ፤ ፊርማው ግን በቆንስላው ሠራተኛ ፊት እስኪደርስ ባዶ ይቆይ። ሥራውን ከሁሉ በላይ የሚያጓትተው የስም ልዩነት ነው። በፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም ከሌለ፣ በውሉ ላይ ግን ካለ፣ ወይም በውጭ አገር ዜግነት ሲወስዱ ስምዎ ከተለወጠ፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ አብረው ይላኩ። ያለዚያ ወረቀቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ መስኮት ላይ ይመለሳል።

7. ክሱን አንብበው ይፈርሙ

የክስ ማመልከቻው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጠው ፊርማ ኃላፊነት ያመጣል፤ ስለዚህ ሳያነቡ አይፈርሙ። የሕጉን ክርክር ለጠበቃው ይተዉ፤ እርስዎ የሚያዩት ስሞችን፣ ቀኖችን፣ የገንዘብ መጠኑን በአኃዝና በፊደል፣ የተከሳሹን ትክክለኛ አድራሻ ነው። ወረዳውና የቤት ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ መጥሪያው አይደርስም፤ ለዚህ ብቻ ወራት ይባክናሉ።

የማስረጃ ዝርዝሩን ደግሞ በእርሳስ እየነኩ ይቁጠሩ። ከክሱ ጋር ያልተዘረዘረ ማስረጃ በኋላ የሚገባው በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ምስክር ከሆነ ስሙ፣ አድራሻውና የሚያስረዳው ነገር፣ ሰነዱ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ በማን እጅ እንዳለ ይጻፋል። የብድር ውልዎ ግልጽና የተቆረጠ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊቀርብ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284)፤ በዚህ መንገድ ተከሳሹ ለመከላከል አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት ጊዜ ይቆጥባል።

8. መዝገቡን ይከታተሉ

የመዝገብ ቁጥሩን፣ ምድቡንና ችሎቱን ራስዎ ይያዙ። ልደታ፣ አራዳ፣ ቦሌ ወይም ሌላ ምድብ መሆኑን ሳያውቁ «ጠበቃዬ ያውቃል» ማለት አይበቃም። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ሦስት መስመር መልእክት እንዲልክልዎ ከጠበቃዎ ጋር ይስማሙ፦ ዛሬ ምን ታዘዘ፣ ቀጣዩ መቼ ነው፣ ከእኔ ምን ይጠበቃል።

ቀጠሮ ማለፍ ከባድ ነው። ተከሳሽ ቀርቦ ከሳሽ ከቀረና ተከሳሹ ካላመነ ክሱ ይሰረዛል፤ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ ማቅረብም አይቻልም። የሚቀረው በ1 ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርቦ መዝገቡ እንዲከፈት መጠየቅ ነው። የሐኪም ወረቀት ያለ ቀን ወይም ያለ ማኅተም ይዞ መቅረብ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት ያሳጣል።

ችሎት ሲገቡ ስልክ ያጥፉ፤ ስምዎ ሲጠራ ይነሡ፤ ጠበቃዎ ሲናገር ከኋላ አያርሙት። የረሳው ነገር ካለ ጽፈው ያቀብሉት። ዳኛው በቀጥታ ሲጠይቅዎ ግን የሚያውቁትን ብቻ አጭር አድርገው ይመልሱ፤ በችሎት ያመኑት ነገር ይመዘገባል።

9. ውሳኔ፣ ይግባኝ፣ አፈጻጸም

ከታረቁ ስምምነቱ በመዝገቡ ላይ ቀርቦ በፍርድ ቤቱ ይጽደቅ። ውጭ ተፈርሞ የቀረ ዕርቅ ሌላኛው ወገን ሲያፈርሰው እንደገና ክስ ይጠይቃል።

ውሳኔ በተሰጠበት ቀን ግልባጭ እንዲሰጥ ይጠየቅ። መደበኛው የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ በሥራ ክርክር 30 ቀን። ይግባኝ ይባል አይባል የሚወስኑት እርስዎ ስለሆኑ ጠበቃው ምክሩን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያድርጉ፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ2 ሳምንት ውስጥ ይወሰን።

ካሸነፉ ገንዘቡ በራሱ አይመጣም። የአፈጻጸም አቤቱታ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የባለዕዳው ንብረት ዝርዝርም አብሮ ይያያዛል። በመጀመሪያው ምክክር ያነሣነው የካርታና የሰሌዳ ቁጥር አሁን ይሠራል። አፈጻጸም ሳይጠየቅ 10 ዓመት ካለፈ መብቱ ይቀራል።

10. ጠበቃ መቀየር

ቀጠሮ ሲያልፍ፣ ስልክ ለሳምንታት ሳይነሣ ሲቀር፣ ያላዩት ወረቀት በስምዎ ሲቀርብ መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቁና 5 ቀን ይስጡ። መልስ ከሌለ ውክልናውን በውልና ማስረጃ ይሻሩ። የመሻሪያውን ቅጂ ለጠበቃውና በመዝገቡ ላይ ለፍርድ ቤቱ ያስገቡ፤ ፍርድ ቤቱ ካላወቀው የቀድሞው ጠበቃ በስምዎ መቆሙን ሊቀጥል ይችላል። አዲሱ ጠበቃ ውክልና ሳይዝ አሮጌውን አይሻሩ፤ በመካከል የሚወድቅ አንድ ቀጠሮ ሙሉ ክሱን ሊያሳጣ ይችላል። የሙያ ሥነ ምግባር ጥሰት ካለ አቤቱታው ፈቃዱን ለሰጠው አካል ይቀርባል፤ ከእርስዎ ጋር የጥብቅና ውሉ፣ የክፍያ ደረሰኞቹ፣ የላኩት የጽሑፍ ጥያቄና ያለፈው ቀጠሮ የተመዘገበበት የትእዛዝ ግልባጭ ይኑሩ።